የጋዝ እሳት በሳሎን፦ ከአተካከሉ እስከ ዓመታዊ ጽዳቱ

የጋዝ ማሞቂያ ምድጃ ሊያስተክል ያሰበ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ጋዙ ነው፤ ስንት ይበላል፣ ሲሊንደሩስ የት ይቀመጣል ይላል። ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ስለ አየሩ ነበር። እሳቱ የሚተነፍሰው አየር ከየት ይገባል? የተቃጠለውስ በየት ይወጣል? 1 ኪሎ ፕሮፔን ነዶ ለማለቅ 12 ሜትር ኩብ ያህል አየር ይፈልጋል፤ 1.6 ሊትር ገደማ ውሃም በእንፋሎት መልክ ይለቃል። 7 ኪሎዋት የሚሰጥ ምድጃ በሰዓት ከግማሽ ኪሎ ትንሽ በለጥ ያለ ፕሮፔን ያነዳል። ለአራት ሰዓት ከነደደ ከ3 ሊትር በላይ ውሃ አመነጨ ማለት ነው፤ ማውጫ ከሌለው ያ ሁሉ እርጥበት መስኮትና ግድግዳ ላይ ያርፋል። አየር ሲያጥረው ደግሞ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይፈጠራል። ከዚህ በታች የሚነሡት ብልሽቶች አብዛኞቹ ዞረው ዞረው እዚሁ የአየር ጉዳይ ላይ ይደርሳሉ።

የትኛውን ዓይነት ልምረጥ?

ገበያ ላይ ያሉት በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ፊቱ በመስታወት የታሸገውና አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ የሚያልፍ ድርብ ቱቦ ያለው ነው፤ ዳይሬክት ቬንት ይባላል። በውጭኛው ቱቦ ንጹሕ አየር ከደጅ ይገባል፣ በውስጠኛው የተቃጠለው ይወጣል። የክፍሉን አየር ጨርሶ አይነካም። ለመኖሪያ ቤት የምንመክረው ይህንን ነው።

ሁለተኛው ከክፍሉ አየር እየወሰደ በጭስ ማውጫ ወደ ላይ የሚያስወጣው ነው። በደንብ ይሠራል፤ ግን ቤቱ በጣም ከተደፈነና የኩሽና የአየር ማስወጫ ፋን በኃይል ከሳበ፣ በጭስ ማውጫው መውጣት የነበረበት ጋዝ ተመልሶ ወደ ቤት ይገባል። ሦስተኛው ማውጫ የሌለው ነው። የክፍሉ ኦክስጅን ከተለመደው 20.9 በመቶ ወርዶ ወደ 18 በመቶ ሲጠጋ ጋዙን የሚዘጋ መቆጣጠሪያ አለው። ሆኖም እርጥበቱና የቃጠሎው ጋዝ የሚቀረው ከእርስዎ ጋር ነው፤ በአንዳንድ አገሮችም የተከለከለ ነው። ዘወትር ለሚነድ ማሞቂያ አይሆንም፣ መኝታ ቤት ውስጥ ደግሞ ጨርሶ መግባት የለበትም።

ጋዙና ምድጃው ይስማሙ

ምድጃው ላይ የተለጠፈችውን የብረት ሰሌዳ ሳያነብቡ ምንም አያስጀምሩ። ለተፈጥሮ ጋዝ የተሠራ ምድጃ በፕሮፔን መንደድ የለበትም። ፕሮፔን በእኩል መጠን ሲለካ ከተፈጥሮ ጋዝ 2.5 እጥፍ ያህል ኃይል አለው፤ ስለዚህ ለፕሮፔን የኖዝሉ፣ ማለትም ጋዙ የሚወጣበት ጫፍ፣ ቀዳዳ ጠበብ ይላል። በብዙ ሞዴሎች በርነሩ (ጋዙ የሚነድበት ክፍል) ጋ የሚደርሰው ግፊት ለተፈጥሮ ጋዝ 8.7 ሚሊባር፣ ለፕሮፔን 25 ሚሊባር አካባቢ ነው። የተፈጥሮ ጋዝ ኖዝል ላይ ፕሮፔን ከተለቀቀ ነበልባሉ ረዝሞ ይንቀለቀላል፣ ጥላሸት ይተፋል፣ ሣጥኑም ከሚችለው በላይ ይግላል። መለወጥ ካስፈለገ የአምራቹን መለወጫ ዕቃ በሙሉ መግጠም ግድ ነው፦ የበርነሩን ኖዝል፣ የፓይለቱን (ዋናውን እሳት የሚለኩሰውን ትንሽ ነበልባል) ኖዝልና የግፊት መቆጣጠሪያውን። አንዱን ቀይሮ ሌላውን መተው ከነጭራሹ ካለመቀየር አይሻልም። ቀዳዳን በመሰርሰሪያ ማስፋት የሚባል ነገር አይታሰብ።

ሲሊንደሩ ከቤት ውጭ ቀጥ ብሎ ይቁም። ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ይከብዳልና ካፈሰሰ እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ወርዶ ይተኛል፤ በምድር ቤት ወይም በፍሳሽ ጉድጓድ አጠገብ አይቀመጥም። የተፈጥሮ ጋዝ ግን ቀላል ስለሆነ ወደ ጣሪያ ይወጣል። የጋዝ ጠቋሚ መሣሪያ ሲገጥሙም በዚሁ ሂሳብ ነው፦ ለፕሮፔን ከወለሉ ብዙ ሳይርቅ፣ ለተፈጥሮ ጋዝ ከጣሪያው ሥር።

ቦታውና ግድግዳው

የጋዝ መስመር መዘርጋት፣ ግፊት ማስተካከልና ጋዝ መለወጥ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሥራ ነው፤ በብዙ አገሮች ሕጉም ይህንኑ ያዛል። የቤቱ ባለቤት ድርሻ ቦታ መምረጥ፣ ፍሬሙን ማዘጋጀትና ሥራው ሲሠራ ምን ማየት እንዳለበት ማወቅ ነው።

በምድጃው ሣጥን ጀርባና ጎን ላይ ወጣ ወጣ ያሉ የብረት ጆሮዎች አሉ። ቦታ ለማትረፍ ብለው የሚያጥፏቸው ሠራተኞች አሉ፤ አይፍቀዱ። ጆሮዎቹ የተቀመጡት እንጨቱን ከሣጥኑ ለማራቅ ነው። ለዓመታት በሙቀት የደረቀ እንጨት ከአዲስ እንጨት ባነሰ ሙቀት ይቀጣጠላል፤ አደጋው በመጀመሪያው ወር ሳይሆን ከብዙ ክረምት በኋላ የሚመጣውም ለዚህ ነው። ከመስታወቱ በላይ ያለውን ግድግዳ ወረቀት በለበሰ ጂፕሰም ፋንታ በሲሚንቶ ቦርድ ይሸፍኑት። ከላዩ የእንጨት መደርደሪያ ወይም ቴሌቪዥን ከታሰበ በመመሪያው ላይ የተጻፈውን ርቀት በሜትር ይለኩ፤ በዓይን መገመት እዚህ ላይ አይሠራም።

የጭስ ማውጫው ቱቦ

የዳይሬክት ቬንት ቱቦ ብዙ ጊዜ ውስጠኛው 10 ሴንቲሜትር፣ ውጭኛው 17 ሴንቲሜትር ገደማ ስፋት አለው። አግድም የሚሄደው ክፍል ወደ ውጭ እየራቀ በሄደ ቁጥር በየሜትሩ 2 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ ትኩስ አየር ቁልቁል አይሄድም። ከሚቃጠል ነገር በላይ በኩል 7.5 ሴንቲሜትር፣ በጎንና በታች 2.5 ሴንቲሜትር ክፍተት የተለመደ ነው፤ የእርስዎ ሞዴል መመሪያ ሌላ ካለ እሱ ይበልጣል። ክፍተቱን በጥጥም በፎምም አይድፈኑት፤ ባዶ መሆኑ ነው ጥቅሙ።

የቱቦውን ጫፎች አስገብቶ እስኪቆልፍ ማዞር ነው። ብሎን ካስፈለገ ውጭኛውን ብቻ ይያዝ፤ ውስጠኛውን የበሳ ብሎን የተቃጠለውን ጋዝ ከሚገባው ንጹሕ አየር ጋር ያደባልቀዋል። ያኔ እሳቱ ጥሩ ሆኖ ይነሣና ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይጠፋል፣ ምክንያቱን ለማግኘትም ግድግዳ መፍረስ አለበት። የቱቦው መውጫ ከሚከፈት መስኮትም ከመሬትም ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር ይራቅ፤ ቁጥቋጦና የተከመረ ነገር ፊት ለፊቱ አይኑር።

የጋዙ መስመር

በእጅ የሚደረስበት መዝጊያ ቫልቭ ምድጃው አጠገብ ይኑር። መስመሩ ወደ ምድጃው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች የወረደ፣ ጫፉ የተደፈነ 7.5 ሴንቲሜትር ያህል አጭር ቱቦ ይተዉ፤ ዝገትና ቆሻሻ እዚያ ይቀራል እንጂ ቫልቩ ውስጥ አይገባም። በጥርስ የሚገጠሙት መጋጠሚያዎች ለጋዝ የተሠራ ቢጫ ቴፍሎን ወይም የጋዝ ማጣበቂያ ይፈልጋሉ። ጫፋቸው እንደ መለከት የተከፈቱት የመዳብ መጋጠሚያዎች ግን ብረት ለብረት ስለሚገጥሙ ምንም አይጠቀለልባቸውም።

አዲሱ መስመር በከፍተኛ ግፊት ሲፈተሽ ምድጃው ተነቅሎ ይቆይ። ከ35 ሚሊባር በላይ ግፊት የምድጃውን ቫልቭ ከውስጥ ሊሰብረው ይችላል፤ ከውጭ ሲያዩት ደህና ይመስላል፣ ሲዘጉት ግን አይዘጋም።

ከተገጠመ በኋላ የሳሙና ፍተሻ ይደረግ። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በውሃ በጥብጠው በቀለም ብሩሽ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ዙሪያውን ይቀቡና ይጠብቁ። ትልቅ ፍሳሽ ወዲያው አረፋ ያወጣል። ትንሹ ነው ትዕግሥት የሚጠይቀው፦ መጀመሪያ ምንም የለም፤ ከዚያ መጋጠሚያው ሥር የስንዴ ፍሬ የምታክል ነጭ ነጥብ ትታያለች፤ ትንሽ ቆይታ ከጎኗ ሌላ ትጨምራለች። ይህች ነጥብ ከታየች ማጥበቅ ብቻ አይበቃም፤ ይፈታ፣ ይጠረግ፣ እንደገና ይገጠም። በክብሪት መፈተሽ በምንም ምክንያት አይደረግም።

አንድ ተደጋጋሚ ስሕተት አለ። ፓይለቱ ዘወትር በሚነድ ምድጃ ላይ ወደ ግድግዳ ማብሪያ የሚሄዱት ሁለት ሽቦዎች ከአንድ ቮልት በታች የሆነች ጉልበት ብቻ ያስተላልፋሉ። ማብሪያ ስለሆነ ብቻ የቤቱን መብራት መስመር ካገናኙበት ቫልቩ ይቃጠላል። ሽቦው ረጅምና ቀጭን ከሆነም ያቺ ጉልበት መንገድ ላይ ትቀራለች።

መጀመሪያ ሲለኮስ

አዲስ መስመር ውስጥ ያለው አየር ስለሆነ ፓይለቱ ቶሎ አይያዝም። ቁልፉን ተጭነው ብልጭታውን ይስጡ፤ ከተያያዘ በኋላ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ሳይለቁ ይቆዩ፣ ሙቀት የሚሰማው ዘንግ (ቴርሞካፕል) እስኪግል ነው። ካልተያያዘ ዘግተው 5 ደቂቃ ይጠብቁ፤ የተጠራቀመው ጋዝ ይበተን። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የቀለምና የዘይት ሽታ ይኖራል፤ መስኮት ከፍተው በከፍተኛው እሳት ለጥቂት ሰዓታት ያንድዱት። ሲበርድ መስታወቱን ይጥረጉ፣ አለበለዚያ ያ ጭጋግ በሚቀጥለው ማንደድ ይጋገርበታል።

እንጨት የሚመስሉትን የሴራሚክ ግንዶች በመመሪያው ሥዕል መሠረት ይደርድሩ። ያምራል ብለው አንዱን ግንድ ነበልባሉ ላይ ቢያስጠጉት፣ እሳቱ ቀዝቃዛውን ሴራሚክ እየላሰ ጥላሸት ያበጃል። ፍም እንዲመስል የሚበተነውን ጥጥ መሰል ነገርም በጣም በስሱ ይበትኑት፤ የበርነሩን ቀዳዳዎችና ፓይለቱን መሸፈን የለበትም። ፓይለትና በርነር መካከል ከተደፈነ ጋዙ ተጠራቅሞ ዘግይቶ ቡም ብሎ ይቀጣጠላል። ይህን ድምፅ አንዴ እንኳ ከሰሙ ምድጃውን ዘግተው ባለሙያ ይጥሩ።

ነበልባሉን ማንበብ

ሰማያዊ ነበልባል ጤነኛ፣ ቢጫ በሽተኛ የሚባለው ለማብሰያ ምድጃ ነው። የሳሎን እሳት እንጨት እንዲመስል ሆን ተብሎ ቢጫ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ሲለኮስ ሰማያዊ ይሆንና ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ቢጫ ይሆናል። ስለዚህ የሚታየው የነበልባሉ ጫፍ ነው። ጫፉ ጠቁሮ ክር ክር ካለና ግንዱ ላይ ጥቁር ነገር ካረፈ አየር አንሶታል፤ የአየር መክፈቻውን በሚሊሜትር መጠን ከፈት ማድረግ ያስፈልጋል። አጥሮ ሰማያዊ ሆኖ ከጮኸ አየሩ በዝቷል። ነበልባሉ ከበርነሩ ተነሥቶ እንደ ጥላ ከተንሳፈፈ ግን የቱቦው መግቢያ ወይም መውጫ ታግዷል ማለት ነው፤ ያኔውኑ ይዝጉት።

በየጊዜው የሚሠራ

መስታወቱ ላይ የሚታየው ነጭ ልባስ ከቃጠሎው የሚመጣ ማዕድን ነው። ቆይቶ ከተጋገረ መስታወቱን ይበላዋል፣ ከዚያ በኋላ የሚያስለቅቀው የለም። ሙሉ በሙሉ ሲበርድ፣ ለምድጃ መስታወት በተሠራ ማጽጃና በለስላሳ ጨርቅ ያጽዱ፤ አሞኒያ ያለበት የመስኮት ማጽጃና የሚፍቅ ነገር አይንኩት። በዚያው ዙሪያውን ያለውን ጋስኬት (ማሸጊያ) በጣት ይዳስሱ፤ ከተበጣጠሰ ይቀየር። ስንጥቅ ያለበት መስታወት ይዘው አያንድዱ። የጋለ መስታወት ከ200 ዲግሪ ሊበልጥ ስለሚችል ሕፃን ባለበት ቤት ከፊቱ መከላከያ መረብ የግድ ነው።

በዓመት አንድ ጊዜ፣ ብርዱ ሳይገባ፣ በርነሩን በቫኪዩምና በለስላሳ ብሩሽ ያጽዱ፤ የግንዶቹ ብናኝ ለሳንባ አይበጅምና አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ። የፋኑን አቧራ ያውጡ፣ የቱቦውን መውጫ ከውጭ ይዩ፣ ባለሙያው ግፊቱን በማኖሜትር ይለካ።

ፓይለቱ እየነደደ ቁልፉን ሲለቁ የሚጠፋ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የቴርሞካፕሉ ነው፦ ወይ ቆሽሿል፣ ወይ ነበልባሉ በደንብ አይነካውም፣ ወይ አርጅቷል። ጤነኛው ከ25 እስከ 30 ሚሊቮልት ይሰጣል። ፓይለቱ ነዶ ዋናው እሳት እምቢ ካለ ቴርሞፓይሉን (ከፓይለቱ ሙቀት ለዋናው ቫልቭ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን ዘንግ) በቴስተር ይለኩ፤ ለብዙ ሞዴሎች ከ325 ሚሊቮልት በታች ደካማ ነው። ልኬቱ ደህና ከሆነ የግድግዳው ማብሪያ ሽቦ የሚታሰርባቸውን ሁለት ብሎኖች በአጭር ሽቦ ያገናኙ፤ እሳቱ ከተነሣ ችግሩ ማብሪያው ወይም ሽቦው ነው።

የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ በመኝታ ክፍሎች አካባቢ ይኑር፤ መሣሪያው እንደ ዓይነቱ በ5 እና በ10 ዓመት መካከል ያረጃል፣ ቀኑ ጀርባው ላይ ተጽፏል። የጋዝ ሽታ ከተሰማ መብራት አያብሩ፣ አያጥፉም፣ ቤት ውስጥ ስልክ አይደውሉ። ቫልቩ በቀላሉ የሚደረስበት ከሆነ ይዝጉ፣ በሩን ከፍተው ሁሉንም ሰው ይዘው ይውጡና ከውጭ ይደውሉ።

ሙቀቱ ሲገባ ፓይለቱን ማጥፋት ይሻላል፤ 300 ዋት የሚወስድ ፓይለት በቀን ግማሽ ኪሎ ያህል ፕሮፔን ዝም ብሎ ይጨርሳል። ብቻ ጠፍቶ በቆየባቸው ወራት ሸረሪት በፓይለቱ ቀዳዳ ውስጥ ድር ልታደራ ትችላለች። ወቅቱ ሲመለስ ነበልባሉ ቀጥኖ፣ ቢጫ ሆኖ ከተንጠባጠበ ድሩ እዚያ አለ፤ በመርፌ አይጎርጉሩት፣ በተጨመቀ አየር ይንፉት።