ዴስክ ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች፦ ለአዲስ የቤተ መጻሕፍት ባልደረቦቼ

ባለፈው ሳምንት አንድ አዲስ የተቀጠረ ልጅ ከጎኔ ተቀምጦ ነበር። ተማሪ መጣና «የቡና መጽሐፍ አለ?» አለው። ልጁ ኮምፒውተሩን እንኳ ሳያይ «633.73፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ በግራ በኩል» ብሎ በእጁ አሳየው። ተማሪው አመስግኖ ሄደ። ልጁ የመደርደሪያውን ቁጥር በቃሉ ስላወቀ ደስ ብሎታል። እኔን ግን ሆዴን ባር ባር አለኝ። ከዓመታት በፊት፣ እዚሁ ሐዋሳ፣ ለዚያው ጥያቄ ያንኑ መልስ ሰጥቼ አውቃለሁ።

ይህን የምጽፈው በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሥራ ለጀመራችሁ ነው። መጽሐፍ መደርደርን፣ ባርኮድ መለጠፍን፣ ውሰት መመዝገብን በሁለት ሳምንት ትለምዱታላችሁ። እሱን እተወዋለሁ።

የተጠየቁትን ብቻ መመለስ

ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። ተማሪ ዴስክ ላይ መጥቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው የሚፈልገውን ነገር አይደለም። እኛ ጋ ይኖራል ብሎ የገመተውን ነው። «የስታትስቲክስ መጽሐፍ» ይላል። ከጀርባው ግን ነገ የሚያስረክበው አሳይመንት አለ፤ ወይም ሰንጠረዥ ማንበብ አቅቶት ሌሊቱን ሙሉ ተጨንቋል። እኛ የሰማነው «መጽሐፍ» የሚለውን ብቻ ነው። ስለዚህ ሸልፍ እንጠቁማለን።

ከዓመታት በፊት እኔን ስለ ቡና መጽሐፍ የጠየቀኝ ልጅ የዕፅዋት ሳይንስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበር። ቤተሰቦቹ አለታ ወንዶ አካባቢ ቡና አላቸው። ልጁ ማጥናት የፈለገው ሲቢዲ የሚባለውን የቡና ፍሬ በሽታ ነው፤ ፍሬው ገና አረንጓዴ እያለ አጥቁሮ የሚያረግፈውን። በሽታው አገራችን ውስጥ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጽፎበታል። የተጻፈው ግን በአብዛኛው በጆርናል ነው። እኔ ይህን ሁሉ አላወቅኩም፣ ምክንያቱም አልጠየቅኩትም። ወደ ሸልፉ ላክሁት። እዚያ የጠበቁት ስለ ቡና አዘገጃጀትና ገበያ የሚያወሩ አሮጌ መጻሕፍት ናቸው። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሲወጣ «አገኘህ?» አልኩት። «አዎ ጋሼ» አለኝ።

ክሊራንስ ሊያስፈርም ሲመጣ ነው እውነቱን የሰማሁት። ርዕሱን ቀይሮታል። ለአድቫይዘሩ «ላይብረሪ ውስጥ ምንም የለም» ብሎ ነግሮታል። ከእኔ ወንበር አምስት እርምጃ ላይ ባለው ኮምፒውተር በነጻ የሚከፈት የጆርናል ክምችት ነበር። የአባቱን ማሳ የሚመለከት ጥናት ሊሠራ የነበረ ልጅ፣ ሌላ ሰው የሰጠውን ርዕስ ሠርቶ ተመረቀ። ይህ ጥፋት የእኔ ነው፤ ዛሬም ይከነክነኛል።

ስለዚህ መልሳችሁ ጠይቁ። አጠያየቁን ግን ተጠንቀቁ። «ለምንድን ነው የፈለግከው?» አትበሉ። በአማርኛ «ለምን» የሚለው ቃል ከዴስክ ጀርባ ከተቀመጠ ሰው አፍ ሲወጣ ምርመራ ይመስላል። ተማሪው ጥፋት የሠራ መስሎት «አይ፣ ዝም ብዬ ነው» ብሎ ይሸሻል። «ስለ ቡና ምኑን ነው የምትሠራው?» በሉት። ወዲያው ፊቱ ይፈታል፣ ማውራት ይጀምራል። ቀጥሎ «እስካሁን ምን አገኘህ?»፣ ከዚያ «መቼ ነው የምታስረክበው?»። ሦስቱ ጥያቄዎች ሁለት ደቂቃ አይፈጁም።

ሲጨርስ ደግሞ «አገኘህ?» አይባልም። በእኛ ባህል የዚህ ጥያቄ መልስ «አዎ» ብቻ ነው። ልጁ ይሉኝታ ይይዘዋል፤ ለትልቅ ሰው «አላገኘሁም፣ የነገርከኝ አልጠቀመኝም» ማለት ይከብደዋል። «እስቲ ያገኘኸውን አሳየኝ» በሉት። ባዶ እጁን ከሆነ ያኔ ታያላችሁ። ከወንበራችሁም ተነሱ። አብራችሁት እስከ ሸልፉ ሂዱ። ብዙው ጥያቄ የሚወጣው በመንገድ ላይ፣ ጎን ለጎን ስትራመዱ ነው።

ፓስወርዱን መሳቢያ ውስጥ መቆለፍ

ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባለውን፣ ጆርናሎችን ለታዳጊ አገሮች ተቋማት የሚከፍተውን ፕሮግራም፣ ማወቅ አለባችሁ። በሥሩ ሂናሪ አለ፤ የጤና ነው፣ ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር በ2002 ተጀመረ። አጎራ የግብርናው ነው፤ ከተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ጋር በ2003። ስለ አካባቢ፣ ስለ ቴክኖሎጂና ስለ ሕግም ሌሎች አሉት። (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው።) ለአገራችን ተቋማት አይከፈልበትም። ተቋሙ ይመዘገባል፣ መግቢያ ስምና ፓስወርድ ይሰጠዋል፣ ያንን የሚይዘው ቤተ መጻሕፍቱ ነው።

ታዲያ ያ ፓስወርድ በአንድ ሰው ማስታወሻ ደብተር ላይ ተጽፎ መሳቢያ ውስጥ ሲቆለፍ አይቻለሁ። ሰውየው ፈቃድ ሲወጣ ጆርናሉም አብሮት ፈቃድ ይወጣል። ተቃራኒውንም አይቻለሁ፤ አንድ ባልደረባ በቅን ልቦና ለሁሉም በተከፈተ የቴሌግራም ቻናል ላይ ለጠፈው። ይህም አይሆንም። ፈቃዱ የተሰጠው ለተቋሙ ተማሪዎችና ሠራተኞች ብቻ ነው፤ ያለአግባብ ከተሰራጨ አገልግሎቱ ሊዘጋ ይችላል። መሃሉ ቀላል ነው። የዴስክ ሠራተኛ ሁሉ ይወቀው። ተማሪ ሲጠይቅ መታወቂያውን አይታችሁ አስገቡት፣ የመጀመሪያውን ፍለጋም አብራችሁት ፈልጉ።

አባትን መጥቀስ፣ ልጅን መርሳት

ይህ የተማሪ ስህተት ይመስላል። እኔ ግን የእኛም ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ከእኛ በቀር የሚያርመው የለም።

ዓለሙ ከበደ የሚባል ጸሐፊ አለ እንበል። ከበደ የአባቱ ስም ነው። ተማሪው ዞተሮ ወይም ሜንዴሌይ በሚባሉት የማጣቀሻ ማዘጋጃ ሶፍትዌሮች ላይ ሲያስገባው ሶፍትዌሩ ሁለተኛውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይወስድና «ከበደ፣ ዓ.» ብሎ ያወጣዋል። መጽሐፉን የጻፈው ልጁ ነው፣ የተጠቀሰው አባቱ። አንድ የማስተርስ ተማሪ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ «ዓለሙ»፣ አራተኛው ላይ «ከበደ» ብላ ጽፋ፣ አንዱ ሰው በማጣቀሻ ዝርዝሯ ላይ ሁለት ሰው ሆኖ ተገኘ። ዲፌንስ ላይ ፈታኙ ያነሳባት ይህንኑ ነው። እያለቀሰች መጣች። ያስተካከልነው በሃያ ደቂቃ ነው። ቀደም ብላ ብትመጣ፣ ወይም እኛ ቀደም ብለን ብንነግራት ኖሮ፣ ያ ሁሉ እንባ ባልመጣ።

ዞተሮ ላይ ከስሙ ሳጥን ጎን ትንሽ ምልክት አለች። እሷን ሲነኳት ሁለቱ ሳጥኖች አንድ ይሆናሉ፤ ስሙም እንዳለ፣ በራሱ ስም ጀምሮ ይወጣል። ይህችን ምልክት ለእያንዳንዱ ተመራቂ አሳዩ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሳይቀር የኢትዮጵያውያንን ስም የሚመዘግበው በራሳቸው ስም ጀምሮ ነው። እኛ በገዛ አገራችን የምንገለብጥበት ምክንያት አይታየኝም። ዲፓርትመንቱ የራሱ መመሪያ ካለው ግን መጀመሪያ እሱን ጠይቁ፤ ዋናው ነገር ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት መሆኑ ነው።

የዘመን አቆጣጠሩም እንደዚያው ነው። የአማርኛ መጽሐፍ ጀርባ ላይ 1985 ካለ ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ 1992 ወይም 1993 ማለት ነው። ተማሪው በእንግሊዝኛ ጽሑፉ ላይ 1985 ብሎ ብቻ ሲያስቀምጥ፣ መጽሐፉ ከመጻፉ ሰባት ስምንት ዓመት በፊት የታተመ ይሆናል። አንዴ ብትነግሯቸው አይረሱትም።

አንድ ሆሄ የሚደብቀው መጽሐፍ

ካታሎግ ለምትሠሩ ነው ይሄ። «ሕግ» ብላችሁ መዘገባችሁ። ተማሪው በስልኩ «ህግ» ብሎ ፈለገ። ምንም አልወጣለትም። መጽሐፉ ግን ሸልፉ ላይ አቧራ ለብሶ ቆሟል። ሠ እና ሰ፣ ፀ እና ጸ፣ ዐ እና አ ሁሉ እንዲሁ ናቸው። የከተማችንን ስም እንኳ ተመልከቱ፦ ሐዋሳ፣ ሀዋሳ፣ ሃዋሳ። ኮምፒውተሩ ሦስት ከተማ ነው የሚያየው።

ኮሃ በሚባለው የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ላይ ስትመዘግቡ 246 የሚባለው መስመር ላይ ሌላውን አጻጻፍ ጨምሩ። ቦታው የተሠራው ለዚሁ ነው። በቀን ሃያ መጽሐፍ የምትመዘግቡ ከሆነ በዚህ ምክንያት አሥራ አምስት ትሆናላችሁ። ይሁን። የማይገኙ ሃያ ከሚሆኑ የሚገኙ አሥራ አምስት ይሻላሉ።

ዴስክ ላይ ያላችሁ ደግሞ ስሞች እንደሚለወጡ አስታውሱ። ስለ ሐይቃችን የቆዩ ጥናቶችን የሚፈልግ ተማሪ «አዋሳ» ብሎም ካልፈለገ ግማሹን ያጣል። አዳማን የሚያጠና «ናዝሬት» ማለት አለበት። እንሰትም ቢሆን ዛሬ የሚጠራበትን ሳይንሳዊ ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው፤ ከዚያ በፊት ከሙዝ ጋር ተቆጥሮ «ሙሳ ኤንሴቴ» ይባል ነበር። ይህን የማያውቅ ተማሪ «ስለ እንሰት የተጻፈ የለም» ብሎ ይመጣል። ሲዳማ ውስጥ ተቀምጦ!

ጥበቃ መሆን

ጸጥታ ማስከበር ሥራችን ነው፣ አልክድም። ነገር ግን ጠዋት የጮህክበት ልጅ ከሰዓት ጥያቄ ይዞልህ አይመጣም። በተለይ ፍሬሾቹ። ከገጠር ትምህርት ቤት መጥቶ እንዲህ ያለ ቤተ መጻሕፍት የመጀመሪያው የሆነ ልጅ አለ። ቦርሳ የት እንደሚቀመጥ አያውቅም፣ መጽሐፍ ራሱ ማንሳት ይፈቀድለት እንደሆነ አያውቅም። በሩ ላይ ቆሞ ሰው ሲገባ ያያል። ያንን ልጅ ሳየው አንጀቴን ይበላኛል። ተነስታችሁ «ና ግባ» በሉት።

አማርኛውም ለብዙዎቹ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋቸው ነው፤ ተማሪ የሚመጣልን ከመላ አገሪቱ ነው። ቀስ ብላችሁ ተናገሩ። ኮል ነምበሩን፣ ማለትም የመደርደሪያ ቁጥሩን፣ በቃል አትንገሩ፣ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፉለት።

ሌላ፣ ባጭሩ። ሁለት መቶ ፍሬሽ በአንድ ቀን ሰልፍ አስይዞ ሕንፃ ማስጎብኘት ኦረንቴሽን አይባልም፤ የመጀመሪያው አሳይመንት በተሰጠ ሳምንት ክፍላቸው ድረስ ሂዱ። የጠፋ መጽሐፍን በክሊራንስ ቀን አትንገሯቸው፤ የባጃጅ እንኳ የሌለው ልጅ የመጽሐፍ ዋጋ ከየት ያመጣል? በየወሩ ዝርዝሩን አውጡ። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቶች ከመጣ ወዲህ ደግሞ ግንቦት ላይ ሪዘርቭ ክፍሉ (መጻሕፍት እዚያው የሚነበቡበት ክፍል) ወንበር አይገኝበትም። ፈተናው የሚሸፍናቸውን ኮርሶች ከየዲፓርትመንቱ ቀድማችሁ ተቀበሉና የእነሱን መጻሕፍት ከየካቲት ጀምሮ ወደ ሪዘርቭ አውርዱ። እኛ ይህን የጀመርነው ዘግይተን ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ዴስኩን ባዶ መተው

«ተማሪው ሁሉ ካፌ ነው» ይባላል። አይደለም። ሰው ፊት መጠየቅ የሚያፍሩት የሚመጡት ያኔ ነው።

አንዲት ልጅ ነበረች፤ ሁልጊዜ ከስድስት ተኩል በኋላ ነበር የምትመጣው። መጀመሪያ ቀን ዴስኩ ፊት ሁለት ጊዜ አልፋ ተመለሰች። ሦስተኛው ላይ ቆመችና በጣም ቀስ ብላ «ጋሼ፣ አርቲክል ማለት ምን ማለት ነው?» አለችኝ። ሁለተኛ ዓመት ናት። አስተማሪዋ «ሦስት አርቲክል አንብባችሁ ኑ» ብሏቸዋል፤ ክፍል ውስጥ ሁሉም እንዳወቀ ሆኖ ዝም ብሏል። አንዱን አትሜ አጠገቤ አስቀመጥኳት። ይሄ አብስትራክት፣ የጥናቱ አጭር ማጠቃለያ ነው፣ መጀመሪያ እሱን አንብቢ። ቀጥለሽ መደምደሚያውን። መሃሉን በመጨረሻ። በእስክሪብቶ እያከበበች ትከተለኛለች። ከዚያ በኋላ ሰመስተሩን ሙሉ በዚያው ሰዓት ትመጣ ነበር። ቆይቶ ሁለት ጓደኞቿንም ይዛ መምጣት ጀመረች፤ አብስትራክቱን የምታስረዳቸው ራሷ ናት።

ከስድስት እስከ ሰባት ተኩል ያለውን ሰዓት በተራ ተከፋፈሉት። የእኔ ተራ ማክሰኞና ሐሙስ ነው።