አሮጌ በረት ለፈረስ ከመግዛታችሁ በፊት

አዘዞም ሆነ ዳባት በኩል፣ ጎንደር ዙሪያ አሮጌ በረት ያለው ግቢ ለፈረስ ብላችሁ የምታዩ ካላችሁ፣ ከተቻለ ክረምት ላይ፣ ዝናብ ባባራ ማግስት ሂዱ። በጋ ላይ ሁሉም በረት ደህና ይመስላል።

ከብት የሚያድርበት ከሆነ ጠዋት ገብታችሁ ቁጢጥ በሉ። ፈረስ ሲተኛም ድርቆሽ ከመሬት ሲበላም አፍንጫው እዚያ ዝቅ ብሎ ነው፤ የሽንቱ ሽታ ዓይን የሚያቃጥል ከሆነ አየር አይወጣም ማለት ነው፣ ሳንባውን ይጎዳዋል።

ከዚያ ምሰሶው። የባህር ዛፍ ቋሚ ከላይ ሲያዩት ጠንካራ ነው፣ ምስጥ የሚበላው ግን መሬቱ ጋ ነው፤ እዚያ ላይ በቢላ ጫፍ ወጋ አድርጉት፣ ዘው ካለ መቀየር ስላለበት ዋጋ አስቀንሱበት። ፈረስ ሲታከክበት ይዞት ነው የሚወድቀው።

ወለሉ ላይ አንድ ባልዲ ውሃ ድፉ። ካቆረ ሽንቱም ያቁራል፣ ሰኮናው ይበሰብሳል። ስፋቱ ለአንድ ፈረስ 3.5 ሜትር በ3.5 ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ለላም የተሠራ በረት ብዙ ጊዜ ጣሪያው ዝቅ ይላል፣ ፈረስ ደንግጦ አንገቱን ቀና ሲያደርግ ቆርቆሮው ይቆርጠዋል። የወጣ ሚስማርም ግድግዳውን በእጃችሁ እየዳሰሳችሁ ፈልጉ፣ በዓይን ያመልጣል።