ኦአርኤም ስንጠቀም ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የኦአርኤም (ኦብጀክት ሪሌሽናል ማፐር) ሥራ ላይ ላዩን ቀላል ነው። ዳታቤዝ ውስጥ ያለውን ረድፍ ወስዶ ኮዳችን ውስጥ ኦብጀክት ያደርግልናል። ኦብጀክቱን ስንቀይረው ደግሞ መልሶ ረድፍ ያደርገዋል። የጃቫው ሃይበርኔት፣ የፓይተኑ ጃንጎ፣ የላራቬሉ ኢሎኩዌንት፣ የሬይልሱ አክቲቭ ሬከርድ፣ ሁሉም የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ዳታቤዙ ግን ኦብጀክት የሚባል ነገር አያውቅም። እሱ ጋ የሚደርሰው የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋው ኤስኪውኤል ብቻ ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ምን ዓይነት ኤስኪውኤል እንደተላከ ሳናይ ስለምናልፍ ነው። ስለዚህ ከሁሉም በፊት ወደ ዳታቤዙ የተላከ ጥያቄ (ኩዌሪ) ሁሉ የሚመዘገብበትን የኩዌሪ ሎግ አብሩት። ጃንጎ ላይ ዲበግ ቱልባር አለ፤ ሌሎቹም የየራሳቸው ማብሪያ አላቸው።

ሉፕ ውስጥ የተደበቀ ኩዌሪ

በብዛት አንደኛ የሚወጣው ኤን ፕላስ ዋን የሚባለው ችግር ነው። የጽሑፎች ዝርዝር የሚያሳይ ገጽ አስቡ። 50 ጽሑፍ አለ፤ ከእያንዳንዱ ሥር የጸሐፊው ስም ይታያል። ኮዱ ላይ ምንም የሚያስጠረጥር ነገር የለም። ጽሑፎቹን ያመጣል፣ በሉፕ እየዞረ ርዕሱንና ስሙን ያወጣል።

ሎጉን ስትከፍቱት ግን ሌላ ነገር ታያላችሁ። መጀመሪያ «50 ጽሑፍ ስጠኝ» የሚል አንድ ኩዌሪ አለ። ከዚያ «ቁጥር 7 ጸሐፊ ማነው?»፣ «ቁጥር 12 ጸሐፊ ማነው?»፣ «ቁጥር 31 ጸሐፊ ማነው?» እያለ ይወርዳል። በድምሩ 51 ኩዌሪ። ጸሐፊ የሚለው ፊልድ እንደ ርዕሱ ተራ ፊልድ ይመስላል እንጂ፣ በነካችሁት ቁጥር ዳታቤዝ ድረስ ሄዶ ይመለሳል።

ላፕቶፓችሁ ላይ ይህ አይታወቅም። ዳታቤዙ እዚያው ማሽኑ ላይ ነው፤ የሙከራ ዳታውም ሦስት አራት ረድፍ ነው። ዳታቤዙ ሌላ ሰርቨር ላይ ሲሆንና አንዱ ደርሶ መልስ 2 ሚሊሰከንድ ሲፈጅ ግን፣ 51ዱ ኩዌሪ በመንገድ ብቻ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ይበላል። ገጹ ላይ ምድብና የአስተያየት ብዛት ጨምሩበትና አስቡት።

መፍትሔው የምትፈልጉትን አስቀድሞ መናገር ነው። ጃንጎ ላይ ሰሌክት ሪሌትድ ጸሐፊውን በጆይን፣ ማለትም ሁለቱን ሰንጠረዦች በአንድ ኩዌሪ አጣምሮ፣ አብሮ ያመጣል። አንድ ጽሑፍ ብዙ አስተያየት ሲኖረው ደግሞ ፕሪፌች ሪሌትድ ሁሉንም በአንድ ተጨማሪ ኩዌሪ ይሰበስባል። ኢሎኩዌንት ላይ «ዊዝ»፣ ሬይልስ ላይ «ኢንክሉድስ»፣ ሃይበርኔት ላይ «ጆይን ፌች» አለ። ላራቬል ላይ ሌዚ ሎዲንግን (ዳታው ሲነካ ብቻ መጫኑን) ጨርሶ ከልክላችሁ ኤረር እንዲወረውር ማድረግም ትችላላችሁ። ቢያንስ በዴቨሎፕመንት ጊዜ ይህን ማብራት በጣም ይጠቅማል፤ ችግሩ ተጠቃሚው ጋ ሳይደርስ እናንተው ጋ ይጮሃል።

ሁሉንም ነገር አስቀድሞ መጫን

በኤን ፕላስ ዋን አንዴ የተማረረ ሰው ብዙ ጊዜ ሁሉንም ግንኙነት ኢገር (ሁልጊዜ አብሮ የሚጫን) ያደርገዋል። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው። አሁን የተጠቃሚውን ስም ብቻ የሚፈልግ ገጽ፣ የተጠቃሚውን ትዕዛዞች፣ የትዕዛዞቹን ዕቃዎች፣ የዕቃዎቹን ምድቦች ሁሉ ጎትቶ ያመጣል።

ሃይበርኔት የሚከተለው የጃቫ ስታንዳርድ ጄፒኤ ላይ ደግሞ ሳታውቁት ነው የሚሆነው። ማኒ ቱ ዋን (ለምሳሌ ብዙ ጽሑፍ ለአንድ ጸሐፊ) የሚለው ግንኙነት ምንም ካልተባለ ኢገር ነው። ሌዚ ብላችሁ በግልጽ መጻፍ አለባችሁ።

ሌላው ጣጣ ብዜቱ ነው። አንድ ጽሑፍ 20 አስተያየትና 30 ታግ ቢኖረውና ሁለቱንም በአንድ ጆይን ብታመጡ፣ የሚመጣው 50 ረድፍ አይደለም፤ 600 ነው። እያንዳንዱ አስተያየት ከእያንዳንዱ ታግ ጋር ይጣመራል። ሁለቱም ሊስት ከሆኑ ሃይበርኔት መልቲፕል ባግ ፌች ኤክሰፕሽን ብሎ ያቆማችኋል። ብዙ ሰው ሊስቱን ወደ ሴት ይቀይርና ኤረሩ ሲጠፋ ደስ ብሎት ይሄዳል። 600ው ረድፍ ግን አሁንም እየመጣ ነው፤ የቆመው ጩኸቱ ብቻ ነው። አንዱን በጆይን፣ ሌላውን በሁለተኛ ኩዌሪ አምጡ።

ፔጅኔሽን (ውጤቱን በገጽ በገጽ መከፋፈል) ሲጨመርበት የባሰ ነው። ኮሌክሽን ጆይን አድርጋችሁ «የመጀመሪያዎቹን 10 ብቻ» ስትሉ፣ ሃይበርኔት ሁሉንም ረድፍ ሜሞሪ ላይ ጭኖ እዚያ ይቆርጣል። የሚያሳውቃችሁ ሎጉ ላይ በምትወጣ አንዲት ማስጠንቀቂያ ነው። መጀመሪያ የ10ሩን መለያ ቁጥር ብቻ አምጡ፤ ቀጥሎ በእነዚያ ቁጥሮች ሙሉውን ዳታ ጠይቁ።

ሴሽኑን እስከ ቴምፕሌቱ ክፍት መተው

ሌዚ ኢኒሻላይዜሽን ኤክሰፕሽን ያላየ የሃይበርኔት ሠራተኛ የለም። ሴሽኑ፣ ማለትም ሃይበርኔት ከዳታቤዙ ጋር የሚሠራበት ክፍለ ጊዜ፣ ከተዘጋ በኋላ ያልተጫነ ነገር ስትነኩ ይመጣል። የጃቫው ፍሬምወርክ ስፕሪንግ ቡት ኦፕን ኢን ቪው የሚባል፣ ሴሽኑን ገጹ እስኪሠራ ክፍት የሚተው ማብሪያ አለው። በራሱ ጊዜ የበራ ነው፤ አፕሊኬሽኑ ሲነሳም ይህንኑ በሎግ ይነግራችኋል። ኤክሰፕሽኑን ያጠፋል፤ ኩዌሪው ግን ከቴምፕሌቱ (ገጹን ከሚሠራው ፋይል) ውስጥ ሆኖ መላኩን ይቀጥላል። አዲስ ፕሮጀክት ላይ ሳይቃጠል በቅጠል ብላችሁ ከመጀመሪያው ቀን አጥፉት። ያረጀ ፕሮጀክት ላይ ማጥፋት ግን የሳምንታት ሥራ ሊሆን ይችላል።

ለመቁጠር ሁሉንም ማምጣት

«ስንት ናቸው?» ለማለት ዝርዝሩን አምጥቶ ርዝመቱን መለካት፣ «አለ ወይ?» ለማለት ኦብጀክቱን ሙሉ መጫን። ዳታቤዙ ራሱ ይቁጠር። ጃንጎ ላይ ካውንት እና ኤግዚስትስ ለዚህ ነው የተሠሩት።

ሁለት ሰው አንድ ረድፍ ላይ

ይኼኛው ኤረር የለውም፣ ሎግ ላይ አይወጣም፤ ስለዚህ ከሁሉም የከፋው በኔ እምነት ይሄ ነው። ዕቃ ክፍል ውስጥ 10 ፍሬ ቀርቷል። ሁለት ገዢዎች በአንድ ቅጽበት ይገባሉ። የአንደኛው ሪኩዌስት 10 ብሎ አነበበ፤ የሁለተኛውም 10 ብሎ አነበበ። ሁለቱም አንድ ቀንሰው 9 ብለው ሴቭ አደረጉ። ሁለት ዕቃ ተሽጦ፣ ዳታቤዙ ላይ የቀነሰው አንድ ነው።

ቁጥር ብቻ አይደለም። ሃይበርኔት በተለምዶ አንድ ኦብጀክት ሲቀየር ሁሉንም ዓምዶች ነው መልሶ የሚጽፈው። የጃንጎ ሴቭም እንደዚያው ነው። አንዱ ሠራተኛ የደንበኛውን ስልክ፣ ሌላው አድራሻውን በአንድ ጊዜ ቢያርሙ፣ ኋላ የጻፈው የፊተኛውን እርማት በአሮጌው ዳታ ይደመስሰዋል። ሁለቱም ስክሪን ላይ «ተሳክቷል» የሚል አይተዋል።

ለቁጥሮች ቅነሳውን ለዳታቤዙ ስጡት፤ «ካለህ ላይ አንድ ቀንስ» የሚል ኩዌሪ ላኩ። ጃንጎ ላይ ኤፍ ኤክስፕሬሽን ይህን ይሠራል። ለፎርሞች ደግሞ ቨርዥን የሚባል ዓምድ ጨምሩ። ስታነቡ ቨርዥኑ 4 ከነበረና ስትጽፉ 5 ሆኖ ከተገኘ፣ መሃል ላይ ሌላ ሰው ነክቶታል ማለት ነው። ሃይበርኔት ይህን በአንድ አኖቴሽን ያደርግላችኋል።

የማይመጣጠኑ ዓይነቶች

ጄፒኤ ኢነምን (ስም ያላቸው የተወሰኑ አማራጮች ዝርዝርን) ካልነገራችሁት በተራ ቁጥር ነው የሚያስቀምጠው። «በመጠባበቅ ላይ» 0፣ «ተከፍሏል» 1፣ «ተልኳል» 2 ነበሩ እንበል። ከስድስት ወር በኋላ አንድ ሰው ኮዱን ሊያሳምር ብሎ «ተሰርዟል»ን መሃል ላይ፣ ከ«ተከፍሏል» በፊት አስገባ። ዳታቤዙ ውስጥ አንድም ረድፍ አልተነካም። ግን የተከፈለባቸው ትዕዛዞች በሙሉ የተሰረዙ ሆነው ይነበባሉ፤ የተላኩትም ገና ተከፍለዋል ይባላሉ። ኢነምን በስሙ አስቀምጡ።

ገንዘብን በፍሎት አታስቀምጡ። 0.1 ሲደመር 0.2 ፍሎት ላይ 0.30000000000000004 ነው። ዴሲማል ለዚህ አለላችሁ። ጊዜን ደግሞ በዩቲሲ አስቀምጡና ለማሳየት ብቻ ቀይሩት።

ኦብጀክቱን እንዳለ ለውጭ መክፈት

ከፎርሙ የመጣውን ሁሉ ወደ ኦብጀክቱ መገልበጥ ሥራ ያቀላል። ተጠቃሚው ግን ፎርሙ ላይ የሌለ «አድሚን» የሚል ፊልድ ጨምሮ ሊልክ ይችላል። ማስ አሳይንመንት ይባላል። በመጋቢት 2012 እ.ኤ.አ. ጊትሀብ ራሱ በዚህ ቀዳዳ ተደፍሯል። ሬይልስ በ2013 በወጣው 4ኛ ቨርዥኑ የተፈቀዱትን ፊልዶች በስም መዘርዘርን ያስገደደው ከዚያ በኋላ ነው።

በተቃራኒው አቅጣጫም ያው ነው። ኦብጀክቱን ቀጥታ ጄሰን አድርጋችሁ ስትልኩ የፓስወርድ ሃሹም አብሮ ይወጣል። ለውጭ የሚሄደውን በሌላ ትንሽ ክላስ ለዩት።

ካስኬድ እና ሰንጠረዥን በራሱ ማስተካከል

ካስኬድ ኦል (አንዱ ኦብጀክት ላይ የተደረገውን ሁሉ ወደተያያዘው ማስተላለፍ) ከወላጅ ወደ ልጅ እንጂ ከልጅ ወደ ወላጅ አይደረግም። አስተያየቱ ላይ ሆናችሁ ወደ ጸሐፊው ካስኬድ ካደረጋችሁ፣ አንድ አስተያየት ሲጠፋ ሃይበርኔት ጸሐፊውንም ሊያጠፋው ይነሳል።

የሃይበርኔት «አፕዴት» የሚለው የሰንጠረዥ ማስተካከያ ደግሞ ፕሮዳክሽን ላይ ቦታ የለውም። የፊልድ ስም ብትቀይሩ የድሮውን ዓምድ ስም አይቀይረውም፤ አዲስ ባዶ ዓምድ ይጨምራል። ዳታው አሮጌው ዓምድ ላይ ቀርቶ፣ አፕሊኬሽኑ ባዶውን ያነባል። በፍላይዌይ ወይም በሊኪቤዝ የማይግሬሽን ፋይል (የሰንጠረዥ ለውጡን የሚዘረዝር) ጽፋችሁ፣ ሃይበርኔቱን ማመሳከር ብቻ በሚያደርገው «ቫሊዴት» ላይ ተዉት።

ለሁሉም ሥራ ኦአርኤም

ብዙ ሰንጠረዥ የሚያጣምር ሪፖርት በኦብጀክት ካልተሠራ ብሎ መታገል ጊዜ መግደል ነው። ኤስኪውኤሉን ራሳችሁ ጻፉት፤ ከተጠቃሚ የመጣውን እሴት ግን በፓራሜትር እንጂ በጽሑፍ እየቀጠላችሁ አታስገቡ። 10,000 ረድፍ ለማዘመንም አንድ አንዱን ጭኖ ሴቭ ማድረግ አያስፈልግም። በጅምላ የሚያዘምነውን ተጠቀሙ። ጃንጎ ላይ ግን የጅምላው አፕዴት ሴቭ ሜተዱንም ሲግናሎቹንም (ሴቭ ሲደረግ በራሳቸው የሚነሱትን ኮዶች) አይጠራም። እዚያ ውስጥ ኢሜይል የሚልክ ወይም ካሽ የሚያጸዳ ኮድ ካስቀመጣችሁ፣ ለብቻው መጥራት ይኖርባችኋል።