ከፖለቲካ ትግል ቡድን ለወጡ ሰዎች፦ የስብሰባውን ሰዓት ለራስዎ ያውሉት

ለዓመታት በአንድ የፖለቲካ ንቅናቄ ውስጥ ቆይቶ የወጣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚቸገረው በአቋም ሳይሆን በሰዓት ነው፤ ስብሰባው፣ መዋጮው፣ ሰልፉና እስከ እኩለ ሌሊት የማያርፈው የቴሌግራም ቡድን ሳምንቱን ሞልተውት ስለነበር፣ እነርሱ ሲቀሩ የሚወደውን ነገር እንኳ ለይቶ ለመናገር ይቸግረዋል። ስለዚህ አዲስ አቋም ለማሳወቅ ከመቸኮልዎ በፊት፣ ስብሰባ ይውልበት የነበረውን የቅዳሜ ከሰዓት ከንቅናቄው በፊት ይወዱት ለነበረ አንድ ነገር ብቻ ይመድቡት፤ ክራር መደርደርም ሆነ ያቋረጡት ትምህርት ሊሆን ይችላል። በ1960ዎቹ መጨረሻ በኅቡዕ ይንቀሳቀሱ የነበሩ የኢሕአፓ (የኢትዮጵያ ሕዝብ አብዮታዊ ፓርቲ) አባላት በትግል ስም ይጠራሩ ነበር፤ ዛሬም በፌስቡክ በብዕር ስም ለዓመታት የጻፈ ሰው፣ በቤት ስሙ ለሚጠራው አብሮ አደጉ ቀድሞ ቢደውል ይበጀዋል። (ፖለቲካ ከተነሳ «ለጊዜው አረፍ ብያለሁ» ማለት ይበቃል።) ከቡድኑ ገጾች መውጣት ተገቢ ቢሆንም፣ የቀድሞ ጓዶችን በሙሉ ከስልክ መሰረዝ ግን በእኔ እይታ ችኮላ ነው፤ ከመካከላቸው አጀንዳ ባይኖርም አብሮዎት ቡና የሚጠጣ አይጠፋምና፣ እርሱን ለይተው ያቆዩት።