ከፈረቃ በኋላ የሚቀዳው መለኪያ፦ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ቤተሰብ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ወንድሜ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው። 939 የሚደወለው ደግሞ ለእሳት ብቻ አይደለም። ክረምት ሲገባ አዲስ አበባ ውስጥ ድንጋይ የወጣባቸው ጉድጓዶች ውሃ ያቁራሉ፣ ሊዋኙ የገቡ ልጆች ይሰምጣሉ፤ የሚያወጧቸው እነሱ ናቸው። አንድ ቀን ከእንዲህ ያለ ጥሪ ተመልሶ ግቢ ቧንቧው ሥር ቦቲውን ሲያጥብ ቆየ። ጭቃው ለቅቋል፤ እሱ ግን ማጠቡን አላቆመም። ከዚያ ገብቶ አረቄ ቀዳ። እናታችን «ደክሞት ነው፣ ተዉት» አለች። ተውነው።

«ለእንቅልፍ ነው» ብሎ መቀበል። ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው፤ ምክንያቱም መጀመሪያ ላይ ይሠራል። አረቄ ቶሎ ያስተኛል። ግን ሕልም የሚታይበትን እንቅልፍ ያፍነዋል፤ መጠጡ ከሰውነት እየወጣ ሲሄድ የታፈነው ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ በርትቶ ይመጣል። ወንድሜ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ላብ አጥምቆት እየጮኸ ይነሣ ነበር። አእምሮ ያየውን ክፉ ነገር ቀስ በቀስ የሚያበርደው በእንቅልፍ ጭምር ነው፤ ያ ሲቆራረጥ ቁስሉ ትኩስ እንደሆነ ይቀራል። ሁለት መለኪያ የነበረው አራት ሆነ።

ትልቅ አደጋ ብቻ ይጎዳል ብሎ ማሰብ። መጋቢት 2009 ቆሼ ላይ ቆሻሻው ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰው ሲሞት አገር አዘነ። አንድ ልጅ ከጉድጓድ ሲወጣ ግን ነገሩ በማግስቱ ይረሳል፤ ያወጣው ሰው ግን አይረሳውም።

ዝርዝሩን ንገረን ብሎ ማስጨነቅ። ሳይፈልግ ማስወራት አይረዳም። ቡና አፍልቶ አጠገቡ መቀመጥ ይበቃል።

ጠርሙሱን ደብቆ በአንድ ቀን ማስጣል። እኛ አድርገነዋል። በማግስቱ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ በላብ ሆነ። ለወራት በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ራሱን ስቶ ሊንፈራገጥ፣ ከዚያም ሊቃዥና የሌለ ነገር ሊያይ ይችላል፤ ሊሞትም ይችላል። ጸበል የሚሄድም ይሂድ፣ ግን አስቀድሞ ሐኪም ይየው። ዳያዜፓም የመሰለ የእንቅልፍ ኪኒን ገዝቶ ከመጠጥ ጋር መስጠትማ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል፤ እባካችሁ አታድርጉት።

ለሐኪም መጠጡን ብቻ መናገር። ቅዠቱ፣ መደንገጡ፣ ከሰው መሸሹ ከወር በላይ ከቆየ እሱም በሽታ ነው፤ ሕክምናም አለው። ሁለቱ ጎን ለጎን ይታከማሉ፤ መጀመሪያ መጠጡን ጨርሶ ይተው ተብሎ የግድ አይጠበቅም። አማኑኤል ሆስፒታል ለሚከብደው በቅርቡ ካለ ጤና ጣቢያ መጀመር ይችላል።

ወንድሜን ሐኪሟ ስለ መጠጡ ጠይቃው ስትጨርስ «ምን አይተህ ነው?» አለችው። የልጁ አንድ እግር ጫማ ጭቃው ውስጥ ቀርቶ ነበር፤ እናቱ «ጫማውስ?» ብላ ጠይቃዋለች። እኛ ይህን የሰማነው ያን ቀን ነው።