አሮጌ መጽሐፍ ስትገዙ ሽፋኑን አይታችሁታል? የድሮ ሥዕል አደን ለጀማሪ

ባለፈው ለገሃር አካባቢ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ቀጭን የፍቅር ልብወለድ በ80 ብር ገዛሁ፣ ለማንበብ አይደለም፣ በጋዜጣ ተሸፍኖ ስለነበር ብቻ ነው። ቤት ገብቼ ጋዜጣውን ቀስ ብዬ ሳወልቀው ምን ወጣ መሰላችሁ፣ አፍሮዋ ከመጽሐፉ ጠርዝ ሊያልፍ የደረሰ ሴትዮ፣ ቤልቦተም ያደረገ ሰውዬ ጀርባውን ሰጥቷት ሲጋራ ያጨሳል፣ ርዕሱ ደግሞ ከጭሱ ውስጥ እየተጠማዘዘ ይወጣል። የሴትዮዋ ቀይ ሊፒስቲክ ከከንፈሯ ሸርተት ብሎ ጉንጯ ላይ ነው ያረፈው፣ እሷ ግን ምንም አልመሰላትም።

እና የመጀመሪያው ምክሬ ይሄ ነው፣ የተሸፈነውን ፈልጉ። ሁላችንም በልጅነታችን ደብተርና መጽሐፍ በጋዜጣ ወይ ባለፈ ዓመት ካላንደር እየሸፈንን ነው ያደግነው፣ ያ ሁሉ ወረቀት ሽፋኑን ከፀሐይና ከላብ እጅ ጠብቆታል። ተራ ላይ ክፍቱን የተሰጣው መጽሐፍ ግን ቢጫውና ቀዩ ቶሎ ይለቃል፣ መጨረሻ ላይ ሰማያዊው ብቻ ይቀርና ሰዎቹ ሁሉ ብርድ የመታቸው ይመስላሉ።

የት ይገኛል ካላችሁ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ አራት ኪሎ ዞር ዞር በሉ። ፒያሳ የነበሩትን ሻጮቼን አካባቢው ከፈረሰ ወዲህ በስልክ ነው የማገኛቸው፣ ስለዚህ ደንበኛ ስታደርጉ ስልክ ተቀበሉ። መርካቶ ምናለሽ ተራም አለ፣ ትዕግስት ላለው። ከሁሉም የምወደው ግን ቆራሌው ነው፣ ሰፈራችሁ ሲያልፍ ወረቀት ካለው አስቁሙትና እዩ፣ ካላያችሁት ቆሎ መጠቅለያ ሊሆን ነው።

ዋጋ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ሻጮቹ የታሪክ መጽሐፍ ዋጋ ከእናንተ በላይ ያውቃሉ፣ እዛ ላይ አትልፉ። እነሱ ብዙም ቁብ የማይሰጡት የፍቅር ልብወለድ፣ የወንጀል ታሪክ፣ የልጆች መጽሐፍ፣ የጤና አጠባበቅ ምናምን የሚል ቀጭን ቡክሌት ነው፣ ሥዕሉ የሚያብደው ደግሞ እዛው ላይ ነው። በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ የነበሩ የማንበቢያ መጻሕፍት ካገኛችሁ እንዳትለቁ። የሞስኮው ፕሮግሬስ አሳታሚ ድርጅት በአማርኛ ያሳተማቸውንም እንደዛው፣ የሩሲያ በረዶና ድብ በአማርኛ ፊደል ማየት የራሱ ጣዕም አለው። አሮጌ የመነን እና የየካቲት መጽሔት ቁጥሮችም ይወድቃሉ አንዳንዴ። የምትፈልጉትን ስታገኙ ግን ፊታችሁን ጠብቁ፣ ሌላ ሁለት መጽሐፍ ላዩ ላይ ደርቡና "ጋሼ ሦስቱን በስንት ይሰጡኛል?" በሉ።

አሁን ማንበብ ነው፣ ጽሑፉን አይደለም ሽፋኑን። መጀመሪያ ዓመቱን ፈልጉ፣ አንዳንዴ በግዕዝ ቁጥር ነው፣ ፲፱፻፷፫ ካለ ፲፱ አስራ ዘጠኝ፣ ፻ መቶ፣ ፷ ስልሳ፣ ፫ ሦስት፣ በቃ 1963 ማለት ነው። ሞስኮ የታተመ ከሆነ ግን ዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ የፈረንጅ ነው፣ ሰባት ስምንት ዓመት እንዳትሳሳቱ። ከዛ ማተሚያ ቤቱን እዩ፣ ብርሃንና ሰላም፣ አርቲስቲክ፣ ንግድ ምናምን ይላል። ኩራዝ አሳታሚ ካለ አብዛኛውን ጊዜ የደርግ ጊዜ ነው። የሰዓሊው ስም ማተሚያ ቤቱ ያለበት ገጽ ላይ ሊጻፍ ይችላል፣ ብዙ ጊዜ ግን የለም፣ ስለዚህ ሥዕሉ ውስጥ ፈልጉት፣ ታችኛው ጥግ፣ የነጠላ እጥፋት ውስጥ፣ የድንጋይ ስንጥቅ ላይ፣ ሁለት ፊደል ብቻ ጽፎ የሚደበቅ አለ። እኔ አንዱን ያገኘሁት በሬው ቀንድ ላይ ነው።

ያ የሸሸ ሊፒስቲክ ደግሞ ስህተት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ያኔ ወረቀቱ ለእያንዳንዱ ቀለም ለብቻው ነው ማሽን ውስጥ የሚያልፈው፣ ትንሽ ከተንሸራተተ ቀዩ ከመስመሩ ይወጣል። ቀለም በጨመረ ቁጥር ወጪ ስለሚጨምር ሰዓሊው በሁለት ቀለም ሦስት ይሠራል፣ ቀዩን በሰማያዊ ላይ ይደርብና ወይን ጠጅ ያወጣል፣ ነጩን ከወረቀቱ ይበደራል። በስልካችሁ ካሜራ ዙም አርጉ፣ ጥቃቅን ነጠብጣብ ካያችሁ ከፎቶ ወይ ከተቀባ ሥዕል የተወሰደ ነው፣ ቀለሙ ዝርግ ሆኖ ከተኛ ግን ሰዓሊው ቀለሞቹን አንድ በአንድ ለይቶ በእጁ የሠራው ሊሆን ይችላል። ፊደሉንም እዩት በናታችሁ፣ ኮምፒውተር ሳይመጣ ርዕስ በእጅ ይሳል ነበር፣ "ደ" እግሯን ዘርግታ፣ "ም" እንደ ደም እየተንጠባጠበች። የዛሬ ሽፋን ከኢንተርኔት የወረደ ፎቶ ላይ አንድ ፎንት መለጠፍ ነው፣ እኔን አይገባኝም።

ጽዳት ላይ እኔ ያበላሸሁትን እንዳትደግሙ። አንድ ቀይ ሽፋን አቧራ ነው ብዬ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁት፣ ጨርቁ ቀይ ሆነ ሽፋኑ ሮዝ ሆነ። ውሃ የሚባል አታስጠጉ፣ ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ይበቃል። ፕላስተር ከተለጠፈበት ፀጉር ማድረቂያ ዝቅ ባለ ሙቀት ከራቅ አርጋችሁ አሙቁትና አግድም ቀስ እያላችሁ ላጡት፣ እምቢ ካለ ተዉት። ብል ካለበት በፌስታል ጥብቅ አርጎ አስሮ አንድ ሁለት ሳምንት ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ ነው፣ ሲወጣ ፌስታሉን ሳትፈቱ እስኪሞቅ ጠብቁ፣ አለዚያ ውሃ ያዘንባል። መብራት ከሄደ እንደገና ትጀምራላችሁ፣ ያው። ሻጋታ ከሸተተ ጥላ ስር ነፋስ ያግኘው፣ በርበሬ በርበሬ የሚለው ደግሞ ጓዳ የኖረ ነው፣ አይለቅም።

ፎቶ ስታነሱ መስኮት አጠገብ፣ ፍላሽ አጥፍታችሁ፣ ስልኩን ቀጥ አርጋችሁ ከላይ። ጀርባውንና ማተሚያ ቤቱ ያለበትን ገጽም አንሱ፣ አለዚያ ከዓመት በኋላ የየትኛው መጽሐፍ እንደሆነ አታውቁትም። ቲሸርት ላይ አትሜ ልሽጥ ካላችሁ ግን ቆም በሉ፣ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሰዓሊው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል፣ ቤተሰቡን ፈልጎ ማስፈቀድ ነው።

የወለቀውን ጋዜጣም እንዳትጥሉት። የእኔ የ80 ብሯ መጽሐፍ ጋዜጣ ውስጠኛው ገጹ ላይ የሳሙና ማስታወቂያ ነበረው፣ ሴትዮዋ አረፋ ውስጥ ሆና ትስቃለች፣ ከልብወለዷ ሴትዮ ጋር አንድ ፍሬም ውስጥ ጎን ለጎን ሰቅያቸዋለሁ።