ሰርቨሩ ከአፕዴት በኋላ አልነሳ ሲል

አፕዴት አደረጋችሁ፣ ሪቡት አላችሁት፣ ከዚያ ጭጭ። ፒንግ አይመልስም፣ በኤስኤስኤች (ከርቀት መግቢያው) አያስገባም። እባካችሁ ፎርማት ለማድረግ አትቸኩሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ዳታው ደህና ነው። ሞኒተርና ኪቦርድ ሰኩበት፣ ክላውድ ላይ ከሆነ ኮንሶሉን ክፈቱ፣ የመጨረሻዎቹን መስመሮች በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። የምነግራችሁ ለኡቡንቱ ነው።

ምልክት፦ ከርነል ፓኒክ፤ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ሩት ፋይል ሲስተሙን፣ ማለትም ሲስተሙ ያለበትን ክፍል፣ ማውንት ማድረግ (ከፍቶ ማንበብ) አልቻልኩም ይላል።

ምክንያት፦ ብዙ ጊዜ የቡት ፓርቲሽኑ (ማስነሻ ፋይሎች የሚቀመጡበት የዲስክ ክፍል) ሞልቶ ነው። አሮጌ ከርነሎች እዚያ ይከማቻሉ፣ አዲሱ ሲጫን ቦታ ያልቅና ኢኒትራምኤፍኤስ የሚባለው ፋይል ሳይጻፍ ይቀራል። ከርነሉ ደግሞ የዲስኩን ድራይቨር የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ከዚሁ ፋይል ነው፤ ፋይሉ ከሌለ ዲስኩ እዚያው ተሰክቶ እያለ አያየውም።

መፍትሄ፦ ሲነሳ ኢስኬፕ፣ የቆየ ባዮስ ከሆነ ሺፍት ተጫኑ። የግራብ (የማስነሻው ፕሮግራም) ሜኑ ሲመጣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ውስጥ ግቡና የቀድሞውን ከርነል ምረጡ። በዚህ ብቻ ስንቱ ሰርቨር ተነስቷል! ከገባችሁ በኋላ በዲኤፍ (df) ትዕዛዝ የቡትን ቦታ እዩ። 100 ፐርሰንት ከሆነ ጥፋተኛው ተገኘ። አፕት አውቶሪሙቭ (apt autoremove) በሉ፤ እምቢ ካለ በጣም አሮጌውን ከርነል በስሙ በዲፒኬጂ (dpkg) አጥፉት። አሁን የተነሳችሁበትን ግን እንዳትነኩ፣ መጀመሪያ በዩኔም (uname -r) አረጋግጡ። ቀጥሎ ተንጠልጥሎ የቀረውን ጭነት በዲፒኬጂ ኮንፊገር (dpkg --configure -a) ጨርሱ፣ ለአዲሱ ከርነል ኢኒትራምኤፍኤሱን (በ update-initramfs) ሥሩለት፣ አፕዴት ግራብ (update-grub) በሉና ሪቡት።

ምልክት፦ አንድን ዲስክ 1 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ይጠብቅና ኢመርጀንሲ ሞድ (የጥገና ሁኔታ) ይገባል።

ይሄኛው ብዙ ሰው ያሳስታል፣ ምክንያቱም አፕዴቱ የለበትም። ከወራት በፊት ዲስክ ነቅላችሁ ወይም ፎርማት አድርጋችሁ ኤፍኤስታብ (ሲነሳ የሚከፈቱ ዲስኮች ዝርዝር፣ /etc/fstab) ውስጥ የድሮው ዩዩአይዲ (የዲስኩ መለያ) ቀርቷል፣ ሪቡቱ ነው ያወጣው። በብሊክአይዲ (blkid) አመሳክሩና አስተካክሉ። ለመነሳት የግድ የማያስፈልግ ዲስክ ከሆነ ኖፌይል (nofail፣ ዲስኩ ባይገኝም ቀጥል የሚል) ጨምሩበት።

ምልክት፦ ግራብ ሬስኪዩ የሚል ባዶ መስመር።

ግራብ ሲታደስ ማስነሻው የተጻፈው ባዮሱ በማይነሳበት ዲስክ ላይ ሊሆን ይችላል፣ በተለይ ሁለት ዲስክ ካላችሁ። በላይቭ ፍላሽ (ኡቡንቱን ሳይጭን በሚያስነሳ ፍላሽ) ተነሱ፣ ሲስተሙን ማውንት አድርጋችሁ በሲኤችሩት (chroot፣ ወደዚያው ሲስተም መግቢያ) ግቡና ግራብ ኢንስቶል (grub-install) በሉ፣ ግን ፓርቲሽኑ ላይ ሳይሆን ሙሉ ዲስኩ ላይ። ከዚያ ፍላሹን ንቀሉና አስነሱት።